ልጄን ሞት ለከለከሉት የመንደራችን ሹም

ለቡሎህ ሃንዩት መንደር ሹም፣ ለመስጊዱ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ እንዲሁም በማት ሌህ ሻይ ቤት ከበሩ በስተግራ ላለው ጠረጴዛ የዕድሜ ልክ ሊቀመንበር፣ ለክቡር ሐጂ ማሙድ ቢን ጁሶ፤

የአላህ ሰላምና እዝነት በእርስዎና በቤተሰብዎ ላይ ይሁን። ጉልበትዎን የሚያሠቃይዎት ሪህ ጋብ ብሎልዎት እንደሆነ ለማወቅ እጓጓለሁ። ሐኪሙ የፍየል ሥጋ እንዲቀንሱ እንደመከረዎት ሰምቼ ነበር፤ ሆኖም ልጄ በሰላም እንዲመለስ በተደረገው የሐጃ ሶላት ሁሉ ላይ፣ ለራስዎ ጤና ቅንጣት ሳይሳሱ፣ እስከ መጨረሻዋ አጥንት ድረስ ሲታገሉልን በዓይኔ አይቻለሁና ውለታዎን አልዘነጋም።

እኔ ዋን ጀነብ ቢንቲ ደራማን ነኝ። ልጆችዎን ፊደል ያስቆጠርኩ፣ መንደሩ በማስተማሬ ቼጉ ጀነብ የሚለኝ ጡረተኛ መምህርት፤ ያ የመንገደኞች አውሮፕላን በባሕር ላይ ሲሰወር በውስጡ ያስተናግድ የነበረው የሩዝማን እናት። ይህን ሁሉ እርስዎ ያውቁታል፤ የምጽፈው ግልጽ ደብዳቤ ስለሆነና መንገደኛም ቆም ብሎ ሊያነበው ስለሚችል ነው። ወደ ቢሮዎ ሳልልከው በማት ሌህ ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ በመለጠፌም ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ቢሮዎን ባንኳኳሁ ቁጥር «ሹሙ ለሥራ ወጥተዋል» ስለሚሉኝና ሥራዎም እዚህ መሆኑን ስለማውቅ፣ በደረሰዎት ጊዜ ተቀምጠው እንዲያነቡት ብዬ ነው።

ላለፉት ዓመታት ያደረጉልኝ ብዙ ስለሆነ እንዳይምታታብኝ በቁጥር አድርጌ አመሰግንዎታለሁ።

አንደኛ፦ አውሮፕላኑ ጠፋ በተባለ ሰሞን መርማሪዎቹ ገና ባሕሩን በመርከብ ሲያስሱ፣ እርስዎ ከወንበርዎ ሳይነሱ በወተት ሻይ ብርጭቆ፣ በስኳር ዕቃና በሁለት የሲጋራ ፓኮ ካርታ ሠርተው ያረፈበትን ደሴት ስላገኙልኝ አመሰግናለሁ። ብርጭቆው ዋና ከተማችን ነበር፤ የስኳር ዕቃው ደግሞ ደሴቱ። ማት ሌህ ስኳሩን ለሌላ ደንበኛ ባነሳው ቁጥር ደሴቱ ቦታ እየቀየረ ትንሽ ቢያስቸግርም፣ ልጄ እዚያ ታግቶ ለታጋቾቹ ምግብ እያደለ እንደሚኖር ለሰው ሁሉ አረጋግጠዋል። የእርስዎን አይተው ሌሎችም ተበረታቱ። ዓሣ ነጋዴው አውሮፕላኑ ቀለም ተቀብቶ በሌላ አገር ስም እየበረረ ነው አለ፤ ልብስ ሰፊው ደግሞ አውሮፕላን የሚባል ነገር ከመጀመሪያውም እንዳልተነሣ በማስረጃ አስረዳ፤ ማስረጃውም የአጎቱ ልጅ ነበር። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ይባላል፤ በእርስዎ ጠረጴዛ ዙሪያ ግን በወሬ ላይ የሚጨመረው ሌላ ወሬ ነው።

ሁለተኛ፦ ከታይላንድ ድንበር ያስመጡት አዋቂ አውሮፕላኑን የሰወሩት ለሰው ዓይን የማይታዩት የጫካ ስውራን ናቸው ባለ ጊዜ፣ ሕዝቡን አሰልፈው ስለዘመቱልኝ አመሰግናለሁ። ልጅ ጫካ ሲጠፋ ድስትና መጥበሻ እየደበደብን፣ አዛን እያልን መጥራት የአባቶቻችን ወግ ነው፤ እኔም ልጅ ሆኜ የጠፋ ልጅ ሲመለስ አይቻለሁ። ባሕር ላይ የጠፋን አውሮፕላን ከጎማ ዛፎቹ መሐል ለመጥራት ግን የእርስዎን ያህል ልበ ሰፊ መሆን ያስፈልጋል። ኢማሙ ወደ ጫካው ዞሮ አዛን አለ፤ መንደሩ በሙሉ ድስት ደበደበ፤ የእኔ የሩዝ ድስት ከሁሉ ይበልጥ ይጮኻል ተብሎ ግንባር ቀደም ሆነና እስካሁን ጎኑ እንደጎደጎደ ነው። ያን ምሽት ከጫካው ምን እንደወጣ ማንም አልረሳውም። ከረመዳን በፊት የጠፋችው የማት ሌህ ፍየል ወጣች። ሰው ሳቁን ሊለቀው ሲል እርስዎ እጅዎን አንሥተው ዝም አሰኙትና «ትንንሹን አስቀድመው እየመለሱ ነው፤ አውሮፕላኑ ይከተላል» አሉ። ፍየሏም ለምስጋና ታረደች። እኔም አበሰልኳት።

ሦስተኛ፦ ያው አዋቂ የልጄን ትራስ «ጠረኑን ልከተል» ብሎ ወስዶታል። አልተመለሰም።

አራተኛ፦ የልጄን ስልክ ደውለው ስለጠራልዎት አመሰግናለሁ። ስልኩ ጠራ፤ እንዲያውም ሰው አነሣው። ያነሣው ሰው ከልጄ በኋላ ቁጥሩ ለእሱ የተሰጠው፣ ፓሃንግ የሚኖር የፍራፍሬ ነጋዴ ነበርና ዱሪያን የሚባለው ፍሬ ስንት ኪሎ እንደሚላክልዎት ጠየቀዎት። ሌላ ሰው ቢሆን ይቅርታ ብሎ ይዘጋ ነበር። እርስዎ ግን እስከ መግሪብ፣ እስከ ምሽቱ ሶላት ድረስ ዱሪያን ማለት ምን ማለት እንደሆነ፣ ኪሎውስ የታጋቾቹን ቁጥር ያመለክት እንደሆነ ሲመረምሩ ዋሉ። ተጠርቼ መጥቼ ድምፁን ሰማሁና የልጄ አይደለም አልኩ። እርስዎም በታላቅ ርኅራኄ፣ «ቼጉ፣ እርስዎ እናት ስለሆኑ ስሜት ያሸንፍዎታል፤ ይህን ለእኛ ይተዉት» አሉኝ። ሃያ ስድስት ዓመት የሰማሁትን ድምፅ ለእናንተ ትቼ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ምስኪኑ ነጋዴ ግን ሲደውሉለት ሲደውሉለት ተማሮ ቁጥሩን ቀየረ፤ ይህም ልጄ እንዳይናገር እንደታፈነ ተቆጠረ።

አምስተኛ፦ ይህኛው ረዘም ስለሚል ሻይ ያስጨምሩ።

ሰው ሲሞት ወጋችን ምን እንደሆነ ያውቃሉ። ጫማው ከደረጃው ሥር ይከመራል፤ ጎረቤት ይገባል፤ ተህሊል ይደገምለታል፤ ሐዘንተኛዋ ጥግ ይዛ ትቀመጣለች፤ ሌሎች ያበስላሉ። የእኔ ልጅ ግን አልሞተም ስላሉ ለሟች የሚደገመው ተህሊል ቀርቶ ሐጃ ይሰገድለታል፤ የሐጃ ድግስ ደግሞ የባለጉዳዩ ነው። ስለዚህ ቢጫውን ሩዝ የማበስለው እኔ፣ የፍየሉን ወጥ የማማስለው እኔ፣ እንግዳውን በፈገግታ የምቀበለው እኔ ነኝ። ሐዘንተኛ አታበስልም፤ ተስፈኛ ግን ታበስላለች። ልጄ ከጠፋ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ ጥግ ይዤ እንድቀመጥ አልተፈቀደልኝም። ልጁ የሞተበትን ሰው ለቅሶ ይደርሱታል፤ እኔን የሚደርሰኝ የምሥራች ነጋሪ ነው። እንባዬ ሊመጣ ሲል አንዱ በሩን ከፍቶ ይገባና «ቼጉ፣ አንድ ነገር ሰማን» ይላል። እንባዬን ውጬ ሻይ አፈላለሁ። ዛሬ በውስጤ የተከማቸውን የተዋጠ እንባ አንድ ቀን ቢለቁት የክላንታን ወንዝ ሞልቶ እርስዎ ጠረጴዛ ድረስ ሳይመጣ አይቀርም።

ባለፈው ዓመት ከሻዕባን ወር በፊት ተህሊል ላድርግለት ብዬ መስጊድ ሄጄ ለመንኩ። ኢማሙ እኔን አላየኝም፤ እርስዎን አየ። እርስዎም ለሁሉም እንዲሰማ አድርገው «እናት በልጇ ተስፋ ከቆረጠች ማን ሊጸናለት ነው?» አሉ። አሳምረው ተናገሩ። ምሽት ሳይሆን ቼጉ ልጇን በቁሙ ልትቀብር ነው የሚለው ወሬ ከወንዙ ማዶ ደርሶ ነበር።

ስድስተኛ፦ ስለ ምራቴ ስለ ሱሪያኒ ስላደረጉልኝ ጥበቃ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሩዝማን ካገባት አንድ ዓመት ሳይሞላ ነው ያ በረራ የወጣው፤ ከዚያ ወዲህ ከእኔ ጋር ትኖራለች። መንደሩ በሙሉ ዓይን ሆኖ ይጠብቃታል። ከሳቀች ሩዝማን በድብቅ ደውሎላታል ማለት ነው። ካለቀሰች ደውሎላት ተጣልተዋል ማለት ነው። ለዒድ አዲስ ጨርቅ ከገዛች ከደሴቱ ተላከላት፤ ካልገዛች ደግሞ ምሥጢር ለመደበቅ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ልብስ እያሰጣች ቀና ብላ ሰማይ አየች፤ ከሰዓት በኋላ በጠረጴዛዎ ላይ ምልክት እንደምትጠብቅ ታወቀ። እኔ ግን ዝናብ ይመጣ እንደሆነ እያየች እንደነበር አውቃለሁ፤ ጠይቄያታለሁና። አሁን ልብስ የምታሰጣው በምሰሶ ላይ ከቆመው ቤታችን ሥር ነው፤ ፀሐይ ስለማያገኘው ይሸታል። ሚስት እንዳትሆን ባል የላትም፤ ባል የሞተባት እንዳትሆን ባሏ አልሞተም ተብሏል። ባል የሞተባት ሴት እንደገና ከማግባቷ በፊት የምትቆጥረውን የዒዳ ወራት እንኳ አልጀመረችም፤ ሐዘኗን ለመጨረስ መጀመር አለባት፣ ለመጀመር ደግሞ የእርስዎ ፈቃድ ያስፈልጋታል።

ከዚህ በኋላ ያለውን በቁጥር ልጽፈው ሞከርኩ፤ ቁጥሩ አልይዝልሽ አለኝ።

ሕጋችን የባሏ ደብዛ ለጠፋ ሴት አራት ዓመት ሲሞላት መውጫ ሰጥቷታል። ቃዲው ፊት ትቀርባለች፤ ከዘመድ ውጭ የሆኑ የታመኑ ምስክሮች ስለ ሰውየው አንዳች ወሬ እንዳልሰሙ ይመሰክሩላታል፤ ቃዲውም ሞቷል ብሎ ይወስናል። ያን ጊዜ ታለቅሳለች፤ ዒዳዋን ትቆጥራለች፤ ከዚያ የወጣትነት ዕድሜዋ የራሷ ይሆናል። ሱሪያኒ ቀኑን ጠብቃ ማመልከቻ አስገባች። ምስክር ስንፈልግ ዓሣ ነጋዴው በቀለም ስለተቀባው አውሮፕላን መናገር እንዳለበት ነገረን፤ ልብስ ሰፊው ደግሞ ያልተነሣ አውሮፕላን ውስጥ የነበረ ሰው እንዴት ይሞታል ብሎ ጠየቀን። ኢማሙ ሹሙ ከመጡ ይበቃል አለ። እርስዎም በክብር መጡ፤ ነጭ ልብስዎን ለብሰው፣ ከእኛ ጋር በአንድ መኪና። መንገዱን ሙሉ ሱሪያኒን «አይዞሽ ልጄ» ሲሏት ስለነበር እኔ ሞኟ በልቤ ዱዓ አደረግሁልዎት።

ችሎቱ ላይ የሆነውን ሻይ ቤት ውስጥ በሌላ መልክ ስለተወራ ልክ እንደነበረ እጽፈዋለሁ። ቃዲው አስምሎዎት ስለ ሩዝማን የሚያውቁት ነገር እንዳለ ጠየቀዎት።

«አለ እንጂ» አሉ። «በሕይወት አለ። ደሴት ላይ ነው።»

«ማን ነገረዎት?»

«ክቡር ቃዲ፣ መንደሩ በሙሉ ያውቃል።»

ቃዲው መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሻሸና ሱሪያኒን አያት። የአገር ሹም በአላህ ስም ምሎ አለ የሚለውን ሰው ሞቷል ብሎ መወሰን እንደማይችል፣ ነገር ግን ምስክሩ ቤቱ ገብቶ በደንብ እንዲያስብበት እስከ ፊታችን ሰኞ ቀጠሮ እንደሚሰጥ ተናገረ። እርስዎ ወጥተው ለሁሉም የምሥራች ብለው ነገሩ። እኛ በእርስዎ መኪና መመለስ ስላልሆነልን አውቶቡስ ያዝን። ሱሪያኒ መስኮቱን ይዛ ተቀመጠች፤ ወንዙን ስንሻገር እንዲህ አለችኝ፦

«እማ፣ ባሌ ይሙትልኝ ብላ ፍርድ ቤት የቆመች ሴት አደረጉኝ እኮ።»

እጇን ይዤ ተቀመጥኩ።

አንድ ነገር ልንገርዎት፤ አንብበው ሲጨርሱ ለጠረጴዛዎ ማካፈል ይችላሉ። እኔ ልጄ የት እንዳለ አላውቅም። ሞቷል ብዬም አልምልም። የት ወደቀ፣ ለምን ወደቀ፣ ፈርቶ ነበር ወይስ አልፈራም፣ ውኃ ጠምቶት ነበር ወይ፣ ማን ጎኑ ነበር፣ አላውቅም። መርከበኞቹ አላወቁም፤ ሊቃውንቱ አላወቁም፤ መንግሥት አላውቅም ለማለት ጡብ የሚያህል መጽሐፍ አሳተመ። ከዚህ ሁሉ ፍጥረት መካከል የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት። የወለድኩት እኔ ሳላውቅ እርስዎ ያወቁት ነገር፣ ሐጂ፣ በየትኛው በር ገብቶልዎት ነው?

ይህን የምጽፈው ክፉ ሰው ነዎት ብዬ አይደለም፤ ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ደብዳቤው አጭር ይሆን ነበር። ለልጄ ዋው የሚባለውን፣ በገመድ ተይዞ በነፋስ የሚበረውን የወረቀት ካይታችንን መሥራት ያስተማሩት እርስዎ ነዎት። አባቱ ቀድሞ ሞቶበት ስለነበር ከቀርከሃው አስተላለጥ ጀምሮ፣ በነፋስ እንዲያንጎራጉር ከራሱ ላይ የሚታሰረውን ቅስት እስከ መወጠር ድረስ እጁን ይዘው አሳዩት። መጀመሪያ ሥራ ሲይዝ «የእኛ ልጅ ሰማይ ላይ ነው» እያሉ በየገበያው የዞሩትም እርስዎ ነዎት። ሰማይ ላይ ነው ብለው ያወጁትን ልጅ ባሕር ውስጥ ነው ማለት እንደሚከብድዎት አይጠፋኝም።

ደግሞም ያን ዕለት አይቼዎታለሁ። ዜናው የመጣ ቀን ሰው ሁሉ ወደ ሻይ ቤቱ ቴሌቪዥን ሲሮጥ፣ እርስዎ ከቤቴ ደረጃ ሥር ተቀምጠው ነበር። ቤት ውስጥ ማንም የለም ብለው ነበር መሰለኝ። ኮፍያዎን አውልቀው ፊትዎን ሸፍነው ያለቅሱ ነበር። ከላይ በወለሉ ጣውላ ክፍተት አየሁዎት፤ እኔም ከላይ ሆኜ አለቀስኩ፤ ሳንነጋገር አብረን አለቀስን። ከዚያ ወዲህ ከማንም ጋር እንደዚያ አላለቀስኩም። ያን ዕለት ደሴት አልነበረም፤ ስውራን አልነበሩም፤ ዱሪያን አልነበረም። ምንም አያውቁም ነበር። በማግስቱ ተነሥተው ሻይ ቤት ሄዱና ማወቅ ጀመሩ፤ እኔም ጎረቤቴን ያን ቀን አጣሁት።

ሰኞ ችሎት ፊት እንዲቆም የምፈልገው ያን ከደረጃዬ ሥር የተቀመጠውን ሰውዬ ነው። ሩዝማን ሞቷል ይበሉ አላልኩም፤ ለእናቱ የከበደውን በእርስዎ ላይ አልጭንም። ሐሰት ይናገሩልኝም አላልኩም። ቃዲው ስለ ሩዝማን የሚያውቁት ነገር አለ ወይ ብሎ ሲጠይቅዎት አንዲት ቃል ብቻ ይመልሱ፦ አላውቅም። ሕፃናትን ሳስተምር ይህችን ቃል ለመናገር የሚያፍረውን ልጅ ቀስ ብዬ አለማምደው ነበርና፣ ካስፈለገ እሑድ ከሰዓት በኋላ ብቅ ቢሉ እርስዎንም አለማምድዎታለሁ። የተከበሩ ሹም አላውቅም ስላሉ ወንበራቸው አይነቃነቅም፤ ማት ሌህም ሻዩን አያቀጥንብዎትም።

ሱሪያኒ ውሳኔው ከወጣላት ዒዳዋን ጨርሳ ወደ እናቷ አገር ወደ ትሬንጋኑ ትሄድ ይሆናል፤ የሚያገባትም ሰው ይኖር ይሆናል። ያን ጊዜ ቤቴ ባዶ ይሆናል፤ ከቤቱ ሥር የሚሰጣ ልብስም አይኖርም። ይህን አስቤበት፣ አልቅሼበት ጨርሻለሁ። ትሂድልኝ። ከሁለት እስረኛ አንዷ ብትወጣ ለሌላዋም ትንሽ አየር ይገባላታል።

በዚህ አጋጣሚ ለጠረጴዛዎ አባላት በሙሉ፣ ቀለም ለቀባው ለዓሣ ነጋዴው፣ አውሮፕላኑን ከምድር ላስቀረው ለልብስ ሰፊውና ለፍየሏ ነፍስ ሰላምታዬ ይድረስልኝ። እርስዎን አላህ ከረጅም ዕድሜ፣ ከቀላል ሪህና ከአጭር ምስክርነት ጋር ያኑርልኝ እያልኩ፣ ልጆችዎን ያስተማርኩ፣ ለእንግዶችዎ ያበሰልኩ፣ ደግነትዎ የሰበረኝ፣ በአንዲት ቃልዎ የምጠገን፣ ትሑት ጎረቤትዎ

ዋን ጀነብ ቢንቲ ደራማን
የሩዝማን እናት

ማሳሰቢያ፦ ሰኞ ያችን ቃል ከተናገሩ ሐሙስ ከመግሪብ በኋላ ቤቴ ለሩዝማን ተህሊል ይደገማል፤ በዚህ ጊዜ የሚያበስሉት ጎረቤቶች ናቸው፤ እኔ ጥግ ይዤ እቀመጣለሁ። እርስዎ የክብር እንግዳ ነዎትና ሲመጡ ትራሱን ከአዋቂው ተቀብለው ይዘውልኝ ይምጡ። ለሩዝማንም ሳህን ይቀርብለታል። እንዳሉት ደሴት ላይ ካለ፣ ይህ ሁሉ ወሬ የደረሰውን ያህል ግብዣውም ይደርሰዋልና ይመጣል። ካልመጣ ግን ድርሻውን እንደለመዱት እርስዎ ይብሉለት።